የካፒቴን ቪክ ጭንቅላት

ቅዳሜ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። የመንደሩ አዳራሽ ማዕድ ቤት አለቃ ጉድሩን ቪከን ነበረች።

«ቶርዲስ፣ ቶሎ ነይ። የካፒቴኑ ጭንቅላት የለም።»

ሌላ ፖሊስ ቢሆን ሽጉጡን ይፈልግ ነበር። እኔ ካልሲዬን ፈለግሁ። ካፒቴን አንድሬአስ ቪክ ድሮ የሞተ ሰው ነው። ገላው ከነመርከቡ ሰሜን በረዶ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ጋ ያለው አዳራሹ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው የነሐስ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ማለቴ፣ ነበር።

«መቼ ጠፋ?» አልኳት።

«እኔ በምን ዐውቃለሁ? ነገ እንግዳው ሁሉ ይመጣል፣ ካፒቴኑ ደግሞ የውሃ ሽታ ሆኗል። ቁርስ እንዳትበዪ፣ ዓሣ አለ።»

መንደራችን ቪክ ይባላል። በዚህ አገር ባሕር ወደ መሬት ገባ ያለበት ቦታ ሁሉ ቪክ ስለሚባል፣ በኖርዌይ ጠረፍ ላይ ስንት ቪክ እንዳለ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው የለም። የእኛው ሰው ደግሞ ወይ ቪክ ነው፣ ወይ ቪግ፣ ወይ ቪከን። ቪጎቹ ራሳቸውን ከቪኮቹ ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቪከኖቹ ሁለቱንም አይሰሟቸውም። ባለፈው ክረምት የማሻገሪያው ጀልባ ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ «ቪክ፣ መኪናህን አንሳ» ብሎ ቢጣራ ሰልፉ በሙሉ ተነቃነቀ።

እኔ ኦስ ነኝ፣ ከተራራው ማዶ። አለቃዬ እዚህ የመደበኝ ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ከማንም ስለማልዛመድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ፖሊስ ቪክ ነበር። አንዴ የተሰረቀ ጀልባ ሲመረምር ሌባው አጎቱ፣ ተሰራቂው አማቱ፣ ምስክሯ ሚስቱ ሆነውበት በዚያው ጡረታ ወጣ።

በየአምስት ዓመቱ በሰኔ ወር ይህን ስም የያዙ ሁሉ የሚገናኙበት የስሙ ጉባኤ አለ። ከየቪኩ ሰው ይመጣል፣ ዓሣና ድንች ይበላል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ታላላቅ ሰዎች ይወደሳሉ። አንዲት የኦፔራ ዘፋኝ አለች፣ ቪግ ናት። አንድ ዲስከስ ወርዋሪ አለ፣ ቪከን ነው። በስብከቱ ሰው ያስተኛ የነበረ አንድ ጳጳስም አለ፤ እሱን ካፖርት መስቀያው አጠገብ ሰቅለውታል። ከሁሉም በላይ ግን ካፒቴኑ ነው። ያለ እሱ ጭንቅላት ጉባኤ የለም።

አዳራሹ ጋ ስደርስ ግማሹ መንደር ባዶውን ድንጋይ ከቦ ቆሟል። ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ፊት ለፊት የቆመው ሊቀመንበሩ ኦታር ቪግ ነው። ኦታርን የማታውቁት እንደሆነ፣ መጀመሪያ አፍንጫው ይመጣል፣ ከዚያ ኦታር ይከተላል። መሃሉ ላይ ጉብ ይልና ጫፉ አፉ የሚናገረውን ሊሰማ ጎንበስ ይላል።

«ሌባ ገብቷል» አለኝ።

ተንበርክኬ አየሁ። አራቱ ብሎኖች ድንጋዩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ዳዶዎቹ ተፈትተው፣ ጭንቅላቱ ተነሥቶ፣ ዳዶዎቹ እንደገና በየብሎናቸው ገብተዋል፤ ያውም በእጅ ጠበቅ ተደርገው።

«ሌባው ጥንቁቅ ሰው ነው» አልኩ። «ዳዶ እንዳይጠፋ የሚጨነቅ ሌባ አይቼ አላውቅም።»

ኦታር አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ።

ከትናንት በስቲያ ማታ ጭንቅላቱ እንደነበረ ሁሉም ይስማማል። ትናንት ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ደቦ ነበር። ከጉባኤው በፊት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አዳራሹን ያጥባል፣ ይቀባል፣ ወንበር ያመላልሳል። የዚህ አገር ደቦ አንድ ሕግ አለው፤ የያዝከውን ፈጽም፣ የሌላውን አትጠይቅ። መጠየቅ ማለት ሰውየውን አላመንከውም ማለት ነው። እሱ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። በደቦ ቀን ሬሳ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ቢኖር «ከበደህ? ልያዝልህ?» ከማለት በቀር የሚጠይቀው አይገኝም።

አንድ በአንድ ያዝኳቸው። መጀመሪያ መስኮት ያጠበችው ሴትዮ።

«ድንጋዩ ባዶ መሆኑን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አልሽ ታዲያ?»

«ምን እላለሁ? ሊያጸዱት የወሰዱት መስሎኝ።»

«እነማን?»

«የሚያጸዱት ናቸዋ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።»

ቀጥሎ የጣሪያውን አሸንዳ የጠረገው ሰውዬ። እሱ ሊቀቡት የወሰዱት መስሎት ነበር። ነሐስ ይቀባል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ አሸንዳ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ወንበር የደረደረችው ደግሞ ሊቀመንበሩ አዝዞ ይሆናል ብላ አሰበች። ኦታርን ጠየቅሁት፣ እሱም የማዕድ ቤቶቹ ያነሡት መስሎት እንደነበር ነገረኝ። እንዲህ እያሉ መንደሩን አንድ ዙር አዞሩኝ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር አገኘሁ። ጉድሩን ለደቦው ሰው የጋገረችውን ቫፍል፣ ጣፋጩን ቂጣ፣ ይዛ ስትወጣ ጭንቅላቱ ነበረ፤ ቫፍሉ ሲያልቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ቫፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተረባርቧል። ከጠረጴዛው የራቁት ሦስት ናቸው። ጉድሩን ምድጃው ላይ ነበረች። ኦታር የባንዲራውን ምሰሶ ሲቀባ ነበር፤ እጁን ነጭ በነጭ አድርጎ ያላየው ሰው የለም። ሦስተኛው ዳገቱ ላይ የሚኖረው መጤው ዳሪዩስ ነው፣ ዕቃ ሲያመላልስ ነበር።

ስሙ ሲነሣ ሁሉም ወደ ዳገቱ አየ።

«ተጎታች አለው» አለ አሸንዳ ጠራጊው።

«አንተስ የለህም?»

«የእኔ ትናንት ማታ ብረት ጭኖ ከተማ አልሄደም። የእሱ ሄዷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጉርምርምታው ተነሣ። ወደ ኦታር ዞር አልኩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ጫማውን እያየ።

ልክ ነው፣ ምንም አላለም።

ከመሄዴ በፊት በማዕድ ቤቱ በር ገባሁ፤ ማለትም በሩ ላይ አንድ ክብ የባሕር ድንጋይ አደናቅፎኝ በአፍጢሜ ልደፋ ነበር። ጉድሩን ቀና ብላም አላየችኝ። ሰማንያ ካለፋት ቆይቷል፤ በመንደሩ ግን ከእሷ ፈጥኖ ዓሣ የሚመልጥ የለም።

«ያን ድንጋይ ማን አስቀመጠው?» አልኩ ጣቴን እያሻሸሁ።

«እኔ እንጃ። በር መያዣ አድርገውት ይሆናል።» በጨው ከተዘፈዘፈው ዓሣ ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። «ብዪ እስቲ። ዘንድሮ ምን እንደነካው አላውቅም፣ በአንድ ሌሊት በካውያ የተተኮሰ መስሏል።»

እውነትም ስስ ነበር። ርቦኝ ስለነበር ግን ዝም ብዬ በላሁ። ሆዳም ፖሊስ እንደዚህ ነው፤ ማስረጃውን በድንች ይበላዋል።

ዳሪዩስ ከሊቱዌኒያ የመጣ አናጢ ነው። ከሚስቱ ከራሳ ጋር ዳገቱ ላይ ያለውን እርሻ ከገዙ ሁለተኛ ዓመታቸው። እርሻው «ትልቁ ቪክ» ይባላል፤ የሁሉም ስም የተነሣው ከዚያ ነው። ድሮ በዚያ እርሻ የገባ ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን አሽከር፣ የእርሻውን ስም ይይዝ ነበር። ቤቱ ጣሪያው ወድቆ፣ ሰው ጠፍቶበት ኖሮ አሁን እንደገና ጭስ ወጣበት። በነገው ጉባኤ ላይ እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዳሪዩስንና ራሳን ቪክ ብለው ሊቀበሏቸው ታስቦ ነበር። የተቃወመው አንድ ኦታር ብቻ ነው። «ያ ድሮ ቀረ፣ ስም ደም ነው» ይል ነበር።

ስደርስ ራሳ እርግዝናዋ ገፍቶ፣ ወገቧን ይዛ ልብስ ታሰጣለች። ዳሪዩስ ሳልጠይቀው ተጎታቹን ከፈተልኝ።

«ምድጃ ነው የወሰድኩት። የዛገ ምድጃና የጎተራ ቆርቆሮ። ከፈለግሽ ደውዪላቸው።»

ደወልኩ። የቁርጥራጭ ብረት ገዢው ሳቀ። «ጭንቅላት? ጭንቅላት ቢመጣልን እንረሳዋለን እንዴ? ምድጃና ቆርቆሮ ነው ያመጣው።»

«በቃ፣ ነፃ ነህ» አልኩት ለዳሪዩስ።

«ለአንቺ ነፃ ነኝ። ጠዋት ሰዎች ደውለው ነበር፤ የስሙ ነገር ለጊዜው ይቆይ አሉኝ።» ተጎታቹን መልሶ ዘጋው። «ስሚኝ፣ ለእኔ ግድ የለኝም። በስሜ ተወልጃለሁ፣ በስሜ እሞታለሁ። ልጁ ግን እዚህ ነው የሚወለደው። እዚህ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። የካፒቴኑን ጭንቅላት የሸጠው ሰውዬ ልጅ ሲባል እንዲያድግ አልፈልግም።»

ራሳ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ነገ ቀትር ላይ ጉባኤው ነው። እስከዚያ ካልተገኘ ዕቃችንን ጭነን እንወርዳለን። ቤት ሌላ ቦታም አለ።»

ይህን ብላ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ተጠርጣሪ በጀልባ መጣልኝ። ሃልቮር ቪክ ይባላል፣ ከደቡቡ ቪክ ነው። እነዚያ ካፒቴኑ የእኛ ነው እያሉ ከእኛ ሰዎች ጋር ሲካሰሱ ኖረዋል። ሃልቮር ከመኪናው ጀርባ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሲወርድ ሳይ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ክፈተው» አልኩት።

«ነገ ነው የሚከፈተው።»

«ፖሊስ ነኝ። ዛሬ ነው የሚከፈተው።»

ጭንቅላት አልነበረም። በወርቅማ ክፈፍ የገባ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። አንድ ድቡልቡል ሰውዬ የካፒቴን ቆብ አድርጎ ከመርከቡ መሪ ጋር ቆሟል።

«ካፒቴን አንድሬአስ ቪክ» አለ ሃልቮር ደረቱን ነፍቶ። «ባለፈው ዓመት ነው ከአንድ ዘመዱ ቤት ያገኘነው። የተወለደው እኛ ደሴት ላይ ነው። እናንተ ጋ አንድ ክረምት ከረመ እንጂ የእናንተ አይደለም። ነገ ከጭንቅላቱ ጎን አቁመን ሰው ይፍረድ ብለን ነው ያመጣነው።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«በቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራኑ ጋር። ድምፄ አይሰማሽም? ተዘግቷል።»

የጀልባው ሠራተኛም ሃልቮር ዛሬ ገና መሻገሩ መሆኑን ነገረኝ። ይህም መንገድ ተዘጋ። ቢሆንም ፎቶውን መልሼ መላልሼ አየሁት። የካፒቴኑ አፍንጫ ድንች ላይ የተለጠፈች አተር ነበረች፤ በቃ፣ አፍንጫ ለማለት ያህል ነው። እኔ ጠዋትና ማታ የማልፈው የነሐስ ካፒቴን ግን እንዲህ አልነበረም።

«ይህን ፎቶ እንደምታመጣ ማን ያውቃል?»

«ኦታር ብቻ። ሰኞ ደውዬ ነገርኩት፣ ደስ አለው።»

«ደስ አለኝ አለህ?»

«አይ፣ ዝም አለ። እናንተ ዝም ስትሉ ደስ ብሏችሁ አይደል?»

ያን ቀን ምሰሶውን ብቀርበው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ከሩቅ አይቼ «ኦታር ሥራውን ሠርቷል» ብዬ አለፍኩ።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። እንግዶች በየጀልባው ይራገፋሉ፤ ቪክ ከቪግ ይተቃቀፋል። እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ጭንቅላቱን ስላላገኘሁ ጉድሩንን ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ፣ ያ የተረገመ ድንጋይ እንደገና ያንኑ ጣቴን መታኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ስይዝ፣ ድንጋዩ ዓይኔ ሥር መጣ። ለስላሳ ነው። ዙሪያውን ነጭ ነገር ግግር ብሎበታል። በጣቴ ፍቄ ቀመስኩት።

ጨው ነው።

ጨው የበላ ድንጋይ በር ላይ ምን ይሠራል? ይሄ እኮ የዓሣው በርሜል መጫኛ ነው። ዓሣው ከጨው ውሃው እንዳይወጣ ክዳኑ ላይ የሚቀመጠው ድንጋይ እሱ ነው። ድንጋዩ እዚህ ከሆነ፣ ታዲያ በርሜሉ ላይ ያለው ምንድን ነው? በካውያ እንደተተኮሰ የሆነው ዓሣም ትዝ አለኝ።

እየሮጥኩ ልገባ ስል ዳሪዩስን አየሁት። የተዋሰውን የአዳራሹን መሰላል ሊመልስ መጥቷል። ተጎታቹ ላይ የሕፃን አልጋ፣ ፍራሽና ሣጥን ተጭኗል። ራሳ መኪናው ውስጥ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች።

«ዳሪዩስ፣ ቆይ። ዓርብ ዕለት ቫፍሉ ሲበላ ምን ምን ተሸከምክ? ሁሉንም ንገረኝ።»

«ወንበር። ጠረጴዛ። የቀለም ቆርቆሮ። ለማዕድ ቤቱ ደግሞ ድንጋይ።»

«የምን ድንጋይ?»

«የዓሣ ድንጋይ። በጆንያ የታሰረ። አሮጌው ተሰንጥቋል፣ በዚህ ቀይረውና እሱን አውጣው ተባልኩ። በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩት።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ኦታር። ወገቤን አመመኝ አለ።»

«ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅክም?»

ዳሪዩስ ግር አለው። «በደቦ?» አለኝ።

ይሄ ሰው ስም ሳይሰጠው በፊት ቪክ ሆኗል አልኩ በልቤ።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹን ገለል አድርጌ እጄን በርሜሉ ውስጥ እስከ ክርን ነከርኩ። ጆንያው ከጨው ውሃ ውስጥ እየተንጠባጠበ ወጣ። ሳህን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ገመዱን ፈታሁ። ካፒቴኑ ዓይኖቹ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበት ቀና ብሎ አየን። አፍንጫው መሃሉ ላይ ጉብ ይላል፤ ጫፉ ወደ አፉ ጎንበስ ይላል።

«እኔ እኮ ድንጋዩ ዘንድሮ ከበደ ብዬ ነበር» አለች ጉድሩን።

«ለምን አልጠየቅሽም?»

«ያመጣው ሰው ያውቃል ብዬ ነዋ።»

ከጆንያው አፍ አጠገብ ነጭ ነገር ነበረበት። ጨው መስሎኝ ነበር፤ ሲታይ ግን ቀለም ነው። አምስት ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል።

ኦታር ምሰሶው ሥር ባንዲራ እየሰቀለ አገኘሁት። ሳልናገረው ምሰሶውን ዞርኩ። ወደ አዳራሹ የዞረው ፊቱ ነጭ ነው፤ ጀርባው የድሮው ግራጫ። ቫፍል የሚበላው ሰው ከጠረጴዛው የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው።

«ግማሹን መቀባት ረስተሃል» አልኩት።

ገመዱ ከእጁ አመለጠ። ከእኔ ላይ የዓሣው ሽታ ደርሶታል መሰለኝ፣ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀኝም።

«ሰኞ ልመልሰው ነበር» አለ። «ሃልቮር ፎቶውን ይዞ ሲሄድ። ዳዶዎቹን ለዚያ ነው የመለስኳቸው።»

«የማን ጭንቅላት ነው?»

የወደቀውን ገመድ አነሣ። «የአያቴ» አለ። «ቀራፂው ሲመጣ የካፒቴኑ ፎቶ አልነበረንም። አያቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ትንባሆ ያጨስ ነበር። ቀራፂው አየውና 'የባሕር ሰው ማለት ይሄ ነው' አለ። አያቴ ባሕር ይፈራ ነበር።»

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

«ፊንላንዳዊ ነበር» ቀጠለ። «ኤርኪ ይባላል። በእግሩ ነው የመጣው፣ እንጨት ቆራጭ ነበር። ትልቁ ቪክ እርሻ ላይ አሽከር ሆኖ ገባና ስሙን ከእርሻው ያዘ። አባቴ ነው ኋላ ላይ ቪግ ያደረገው፣ ከፍ ያለ እንዲመስል። እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ ቶርዲስ። ስም ደም ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ከዚያ ጭንቅላት ጎን ሲቆም ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል።»

«ዳሪዩስን ለምን አሸከምከው?»

«ወገቤ ነው፣ እውነቴን ነው። ይጠረጥሩታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲጠረጥሩት ግን እዚያው ነበርክ። ጫማህን ታይ ነበር።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባው በዚያ አፍንጫ ላይ ለመውረድ ረጅም መንገድ ነበረበት። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም።

«ስማ» አልኩት። «የጭንቅላቱን ነገር ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፤ ስለተገኘ ስቆ ይተወዋል። ዳሪዩስን ግን እኔ ነፃ ላወጣው አልችልም። እሱ አይደለም ብል፣ ታዲያ ማን ነው ይሉኛል። ያኔ ወይ እኔ አፍንጫህን አሳያቸዋለሁ፣ ወይ አንተ ራስህ ታሳያቸዋለህ። ተጎታቹ ተጭኗል፣ እኩለ ቀንም ደርሷል።»

ከዚያ ሄጄ የዳሪዩስን መኪና መስኮት አንኳኳሁ። «አንድ ዓሣ ብሉና ሂዱ» አልኳቸው። ራሳ በጭራሽ አለች። ርቧት ስለነበር ግን ወረደች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ጭንቅላቱና ፎቶው ጎን ለጎን ቆመዋል። የፊተኛው ረድፍ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል፤ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ብናጥበውም ሽታው አልለቀቀም። ሃልቮር ፈጥኖ ተነሣ።

«ይህ የእኛ ካፒቴን አይደለም» አለ። «ዓይን ያለው ይይ።»

ሕዝቡ አየ። አተሯን አየ፣ ጉብታውን አየ። ኦታር ወደ መድረኩ ወጣ። ከጭንቅላቱ አጠገብ ቆሞ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

«አያቴ ነው» አለ። «ከፊንላንድ የመጣ አሽከር ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ሳልነግረው ዳሪዩስን ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ሌባ ሲሉት ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ስም ደም ነው ስላችሁ ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። እኔም የገባሁት በዚያው እርሻ በር ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ጣሪያው እስኪደረመስበት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ጉድሩን ከማዕድ ቤቱ በር እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። «እና?» አለች።

ኦታር ዓይኑን ገለጠ። «እና ምን?»

«ኤርኪ መሆኑን እኮ እናውቃለን። ሲቀረፅ እንዳይነቃነቅ ትንባሆ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፣ ያኔ ልጃገረድ ነኝ።» ከኋላ ወንበር ላይ ያሉት አሮጊቶች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቅከንም።»

ሳቁ መጀመሪያ ከዚያ ከአሮጊቶቹ ተነሣ፣ ከዚያ አዳራሹን ሞላው። ኦታር ግን አልሳቀም። ከመድረኩ ወርዶ፣ በሰው መሃል አልፎ፣ ራሳና ዳሪዩስ ሳህን ይዘው የተቀመጡበት ጥግ ድረስ ሄደ።

«በድዬሃለሁ» አለው። «ይቅር በለኝ።»

ዳሪዩስ ቁራሹን ዓሣ ዋጠ።

«አያትህ ከባድ ነበር» አለው።

ኦታር እጁን ዘረጋ፣ ዳሪዩስ ጨበጠው። ከዚያ ኦታር ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሊቀመንበር የሚያደርገውን አደረገ፤ የትልቁ ቪክ ሰዎች ስማቸውን ከእርሻቸው ይያዙ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። እጅ ወጣ። እኔ ባዕድ ስለሆንኩ አይመለከተኝም ነበር፣ ግን ቀኝ እጄ ወጥቶ አገኘሁት። አሸንዳ ጠራጊው ሁለቱንም እጁን አወጣ፤ አንዱ የይቅርታ መሰለኝ። ሃልቮር ካፒቴኑን ለደሴቱ ተረከበ፣ ኤርኪ እኛ ጋ ቀረ።

ዳሪዩስ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሆነው ሁሉ ለሌላ ሰው የሆነ ይመስል ዙሪያውን ያያል። ራሳ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

በዚህ መሃል የጀልባው ሠራተኛ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተው።

«መንገድ ተዘግቷል፣ ጀልባው ሊያራግፍ አልቻለም» አለ። «ቪክ፣ መኪናህን አንሳ።»

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሁሉም ኪሱን እየዳበሰ ወደ በሩ ተጋፋ። ራሳ ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«ምን ታያለህ?» አለችው። «አንተን እኮ ነው።»

ዳሪዩስም ቁልፉን አውጥቶ ተነሣ። ስንወጣ መንገዱን የዘጋው እውነትም የእሱ ተጎታች ነበር፤ የሕፃኑ አልጋ ከላይ ተገልብጦ ይታያል። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈው። መኪናውን አስነሥቶ፣ ለጀልባው መንገዱን ለቀቀና ተጎታቹን ወደ ዳገቱ አዞረው።